አርባ አንድ ባዶ መንጠቆ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ለእኔ ግን ገና ትናንት ነው፣ ዐይኔ አልተከደነም። መጋረጃውን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ካልሲዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ እቆጥራለሁ፤ ጣሪያው ደግሞ አንድ ነው፣ ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና እጀምራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት ሌሊት ዓሣ ስቆርጥ ኖሬ፣ ጠዋት ከፈረቃ ስገባ ጫማዬን ሳልፈታ ይጥለኝ የነበረው እንቅልፍ፣ ፋብሪካው በሩን ከዘጋብን ቀን ጀምሮ አድራሻዬን ረስቶታል። ስልኩ ሆዴ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ይጮኻል። የሥራ አጥ አበል ይግባኝ የምትሰማው ዳኛ ትደውላለች፣ አስተርጓሚዋ ትገባለች፣ የኩባንያው ጠበቃ ይገባል፣ ጓደኞቼ በመንፈስ ቅዱስ አዳራሽ አንድ ስልክ ከበው ያዳምጣሉ፣ በመጨረሻ እሱ ይገባል፣ አበልጄ ጀርቫዚዮ፣ የፈረቃው አለቃ። ያኔ አጠፋዋለሁ። ሰባት ሳምንት የበላሁት ምግብ ይህ ነው። ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ይጸልያል፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጀርቫዚዮ ፊቱ ሲገረጣ እንዴት እንደሚሆን አስባለሁ፤ በስልክ ፊት እንደማይታይም አውቃለሁ፣ ቢሆንም ድምፅም ይገረጣል።

የሠራተኛ ማኅበራችን ሰው ብሬንዳን ትናንት ደውሎ፣ "ኤርሚኒያ፣ ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ነይ አዳራሽ፣ የጎመን ሾርባም ይኖራል" አለኝ። "ጉንፋን ይዞኛል፣ ሰው አላስይዝም" አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ጤነኛ ነኝ። የማደርገውን ሳደርግ ማንም አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈለግሁም፣ ትከሻዬን ይዞ "ተይ" የሚለኝ ሰው አልፈለግሁም። ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጅ አልሰጠኝም፤ ልጅ የምለው የጀርቫዚዮን ልጅ ሊዲያን ነበር፣ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ፣ ነጭ ቀሚሷን የሰፋሁላትም እኔው። አሁን ስትደውል አላነሳም። ስሟ ስልኩ ላይ ሲመጣ አይና እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። አባትየውን የማጠፋ ሰው ልጁን ምን ልላት ነው?

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከቢላ ነው። ጓንቱ፣ ሽርጡ፣ ቦቲው የኩባንያው ነው፤ ቢላው ግን የራሳችን ነው። ከእያንዳንዳችን የሥራ ቦታ በላይ መንጠቆ አለ፣ በፕላስተር ላይ ስም ተጽፎበታል፣ ቢላችን እዚያ ይውላል፣ እዚያ ያድራል። የእኔ ከመሳሉ ብዛት ከጣት አይወፍርም፣ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ያለ እሱ ከአጥንቱ ልለየው አልችልም። ሚስቱን ቢያዩበት ዝም የሚል ወንድ ቢላውን ሲነኩበት አገር ይያዝልኝ ይላል። ቢላ ከመንጠቆ ወርዶ ወደ ቤት ከሄደ ደግሞ ያ ሰው ሥራ ለቀቀ ማለት ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሽማግሌው ጃኑዋሪዮ ጡረታ የወጣ ለት ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ በመካከላችን ሲያልፍ፣ ሁላችንም ሥራ አቁመን ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደብንለት። ወደዚህ ከመሰደዴ በፊት በአገሬ ደሴት፣ ራቦ ዴ ፔይሼ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደርም እንዲሁ ነበር፤ አባቴ ከጀልባው ባለቤት ጋር የተጣላ ጊዜ ደመወዙን ሳይጠይቅ መጀመሪያ ያመጣው ቢላውን ነበር፣ እናቴ ጠረጴዛው ላይ ስታየው ምንም አልጠየቀችም፣ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህን እኛ እናውቃለን። ፋብሪካውን ባለፈው ዓመት የገዙት ሰዎች አያውቁም ነበር፣ ዓሣ በሥዕል ብቻ ያዩ ሰዎች ናቸው። የነገራቸው ሰው አለ።

ከዘጠኝ ሳምንት በፊት፣ ዐርብ ዕለት ነው። የሥራ ውላችን ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አዲሶቹ ባለቤቶች በአዲሱ ውል ግማሽ ነገራችንን ሊቀሙን ይፈልጋሉ፣ የሕመም ቀን የለም፣ የእጅ ጉዳት የራስሽ ጉዳይ ነው፤ እኛ ደግሞ አዳራሽ ተሰብስበን እጅ አውጥተን፣ አድማ አንመታም፣ ድርድሩ እስኪያልቅ በአሮጌው ውል እየሠራን እንቆያለን ብለን ወስነናል። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። በእረፍት ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ ስልኬን ስከፍት የድምፅ መልእክት አለ። ጀርቫዚዮ ነው፣ ከላይ ከቢሮ፣ እየተንሾካሾከ። "አበልጄ፣ እኔ ነኝ። ዛሬ ስትወጪ ቢላሽን እዚያ እንዳትተዪው። ሰኞ ቁልፉ ሁሉ ይቀየራል፣ ማንም አይገባም፣ በእናንተ ቦታ ሌላ ሰው በአውቶቡስ ሊያመጡ ነው፣ ወረቀቱን በዐይኔ አይቻለሁ። በሊዲያ ይዤሻለሁ፣ ከእኔ እንደሰማሽ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።" ከዚያ ያስላል፣ ከዚያ ይዘጋል።

እኔ ምን ላድርግ? ቢላዬን ብቻዬን ይዤ ልውጣ? የአርባ ሰው ቢላ ሰኞ ከሰንሰለት ጀርባ ይቅር? ምንጩን አልናገርም ብዬ፣ ግን ደግሞ ዝም ብዬ መውጣት አቅቶኝ፣ ፈረቃው ሊያልቅ ሲል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ "ቢላችሁን ይዛችሁ ውጡ" አልኳቸው። "ለምን?" ይሉኛል። "ያዙ ብያለሁ ያዙ!" አጠገቤ አሥራ ሰባት ዓመት የቆመችው ኦዴት ሳቀችብኝ። "ምነው አንቺ፣ ሕልም ታይቶሽ ነው? ቆመሽ እየተኛሽ ነው እንዴ?" "ሕልም አይደለም፣ ሆዴ ነው የነገረኝ።" "የአንቺ ሆድ ከረሃብ ሌላ ምን ያወራል!" እያለች ቢላዋን አወረደች። ከሁሉም በዕድሜ የምበልጥ እኔ ነኝ፣ ሰሙኝ። አርባ አንድ ቢላ በጋዜጣ፣ በፎጣ፣ በሹራብ እጅጌ ተጠቅልሎ ወጣ። ግድግዳው ላይ አርባ አንድ ባዶ መንጠቆ ቀረ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።

ሰኞ በሩ ላይ አዲስ ሰንሰለት፣ አዲስ ዘበኛ፣ መስታወቱ የጠቆረ አውቶቡስ። ገና በሌሊቱ ብርድ ቆመን ተያየን። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው "ሆድሽ እውነቱን ነበር" አሉኝ፤ ነቢይ ሆንኩ። ብሬንዳን ደስ ብሎት ነበር ማለት ይቻላል። "ስሙኝ፣ ሕጉ ቀላል ነው፤ ሠራተኛ አድማ መትቶ ከወጣ አበል የለውም፣ አሠሪው በር ከዘጋበት ግን አበል አለው። በሩን የዘጉት እነሱ ናቸው፣ ሁላችሁም ዛሬውኑ አመልክቱ።" አመለከትን። ማመልከት ማለት ለማሽን መናገር ነው፤ ለፖርቱጋልኛ ሦስትን ይጫኑ፣ ተጫንኩ፤ ሥራዎን ያቆሙት በፈቃድዎ ከሆነ አንድን፣ ካልሆነ ሁለትን ይጫኑ፣ ሁለትን ተጫንኩ፤ መልስዎን አልተረዳሁም፣ እንደገና ይሞክሩ ይለኛል። ከሰው ጋር መጣላት እችላለሁ፣ ከማሽን ጋር እንዴት እንደሚጣሉ አልተማርኩም። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰምቼ በመጨረሻ "በዚህ ሳምንት ሥራ ፈልገዋል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሥራዬ እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው ያለው፣ ከመስኮቴ ጭሱ ይታየኛል!

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ለአርባ አንዳችንም አንድ ዓይነት። ተከልክላችኋል ይላል። ሠራተኞቹ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ ዐርብ ዕለት፣ መሣሪያቸውን ሰብስበው በፈቃዳቸው ሥራ አቁመዋል፣ ኩባንያው ሰኞ በሩን የዘጋው ንብረቱን ለመጠበቅ ነው፣ ስለዚህ ይህ አድማ ነው ይላል። ከደብዳቤው ጋር ፎቶግራፍ አለ፤ የባዶ መንጠቆዎቹ ግድግዳ፣ የእኔ ስም ያለበት ፕላስተር ከፊት ጎልቶ ይታያል። ከፎቶግራፉ ጋር አንድ ገጽ የምስክርነት ቃል አለ። ብሬንዳን ጮክ ብሎ አነበበልን። "በእነዚህ ሠራተኞች ልማድ ቢላን ከመንጠቆ አውርዶ ወደ ቤት መውሰድ ሥራ መልቀቅ ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ልማድ ነው።" ከታች ፊርማ። ጀርቫዚዮ።

ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ ነቢይነቴ አሥራ አራት ቀን አልሞላውም። ከኋላ አንዱ "ውሰዱ ያለችን እሷ ናት" አለ። ሌላው "ማን ነው የላከሽ?" አለኝ። እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ፍርሃት አይደለም። ሙቀት ነው። ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ውሰጂ ያለኝ ሰው፣ በልጁ አስምሎ አፌን የለጎመኝ ሰው፣ በወሰድኩት ቢላ እኔንና አርባ ሰው አረደን፤ እሱ ከላይ ቢሮ ተቀምጦ፣ ለአውቶቡሱ ሰዎች አጥንት እንዴት እንደሚለይ እያሳየ፣ ደመወዙን ይበላል። በዚያች ደቂቃ ብሬንዳን እጁን አንስቶ፣ "አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" አለ። "ኩባንያው በሩን ለመዝጋት የወሰነው ከዐርብ በፊት መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያለው ሰው አለ? ወረቀት፣ መልእክት፣ የሰው ቃል፣ ምንም ይሁን። ይህ ከተገኘ ነገ አሸነፍን፣ ይግባኝም አያስፈልገንም።" ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው። ዚፑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።

ያን ቀን ብሰጠው ምን ይሆናል? ጀርቫዚዮ ሥራውን ያጣል፣ ሰዎች ደግሞ "ምስኪን፣ አበልጁን ሊያድን ብሎ" ይሉለታል። ሽልማት! እኔ ይህን አልፈለግሁም። እኔ የፈለግሁት መጀመሪያ እንዲምል ነው። ይግባኙ ሲሰማ ምስክሩ ይምላል፣ ብሬንዳን ነግሮናል፣ በስልክም ቢሆን ቀኝ እጅን አንስቶ ነው። ይማልና፣ እንደ ወረቀቱ አድርጎ ይዋሽ፣ አርባው ሰው ጆሮውን ጥዶ ይስማው፣ ከዚያ እኔ ስልኬን ወደ ስልኩ አስጠግቼ የገዛ ድምፁን፣ ያችን ሳል ጭምር፣ አሰማቸዋለሁ። ያኔ ሥራው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ዘንድሮ የመንፈስ ቅዱስ በዓል አስተናጋጅ እሱ ነው፤ በአገራችን ልማድ የበዓሉ የብር ዘውድ በአስተናጋጁ ቤት ስለሚቆይ፣ እሳሎኑ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅና በአበባ መካከል ተቀምጧል፣ ሰው በየማታው እየሄደ ፊቱ ይንበረከካል። በሐሰት የማለ ሰው ቤት ዘውድ አያድርም። የበዓሉ ማኅበር ወንድሞች መጥተው አንስተው ሲወስዱት፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ጎረቤት መጋረጃ ገልጦ ሲያይ፤ ይህን ሥዕል ስንት ጠዋት አልጋዬ ላይ እንደሣልኩት እኔ ነኝ የማውቅ። አበባውን እንኳ እለዋውጠው ነበር፣ አንዳንድ ቀን ቀይ አደርገዋለሁ።

መልእክቱ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ይጠፋል። "ለማቆየት ዘጠኝን ይጫኑ" ይላል ማሽኑ። ለዚህኛው ማሽን ታዛዥ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተጫንኩ። በተጫንኩ ቁጥር መጀመሪያ እሰማዋለሁ፤ አበልጄ፣ እኔ ነኝ ይለኛል፣ እኔም አንተ ነህ እለዋለሁ።

ኦዴት በአምስተኛው ሳምንት ገባች። ባሏ አርሚንዶ የስኳር በሽተኛ ነው፣ እግሩን አንዴ ቆርጠውታል፣ የሕክምና መድኑ በእሷ ሥራ ነበር። አበሉ ቢመጣ የግል መድን ገዝታ ትቆይ ነበር፣ ሲቀር ምን ታድርግ? አንድ ሌሊት አውቶቡሱ ሲመጣ ባልጠቆረው የፊት መስታወት በኩል ፊቷን አየሁት፣ መሀረቧን እስከ ዐይኗ አውርዳለች። ብርዱ ሲያንቀጠቅጠን የቆምነው ሁሉ አወቅናት። የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ከሁሉም በፊት። "ኦዴት! ከሃዲ! የአሥራ ሰባት ዓመት ዳቦ በላሁብሽ!" ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ በየሌሊቱ ዳቦዋን ታካፍለኝ ነበር፣ ምናልባት እሱን ማለቴ ይሆናል። ሌሎቹም ተከተሉኝ፣ አንዱ በረዶ ወረወረ። አላየችንም። ቢላዋን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር፣ ወደ መንጠቆው ልትመልሰው። ያኔ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ እየነካው ነው የጮህኩት። ይህንን ጠዋት ጠዋት ላለማሰብ እሞክራለሁ፣ ስሞክር ነው የሚመሸው፣ ቢመሽም ደግሞ ለእኔ ምንም ለውጥ የለውም። ጥፋቱ የጀርቫዚዮ ነው እላለሁ። ኦዴትንም እሱ ነው አውቶቡስ ላይ ያሳፈራት፣ በሒሳቡ ላይ ጨምሬበታለሁ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል፣ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ጊዜው ደረሰ ብዬ። እህቴ ናተርሲያ ናት፣ ከደሴቱ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል።

"ተኝተሽ ነበር?"

"መቼ ተኝቼ አውቃለሁ።"

"ዛሬ ነው አይደል? ያንን ነገር ሰጠሻቸው?"

ለእሷ ብቻ ነግሬያት ነበር፣ ከአንድ ወር በፊት፣ መሐል ውቅያኖስ ካለ ሰው ምስጢር አይወጣም ብዬ።

"ሰባት ሰዓት ላይ እሰጣቸዋለሁ።"

"ኤርሚኒያ፣ አንቺ ልጅ፣ እግዜርን አትፈሪም? ወር ሙሉ! ሰው እየተራበ!"

"አንቺ ምን አለብሽ? ያረደው አንቺን አይደለም።"

"የጀርቫዚዮ እናት አባታችን የሞተ ለት ሦስት ቀን ቤታችን ምግብ ያመላለሰች ሴት ናት፣ ረሳሽው?"

"እናትየውን አይደለም የማጠፋው።"

"እሺ፣ አጥፊው፣ አጥፊው! ግን ለሰዎቹ ያኔውኑ ብትሰጪ ኖሮ እሱም ይጠፋልሽ ነበር። አንቺ የፈለግሽው እሱን ማጥፋት አይደለም፣ ሲጠፋ ማየት ነው፤ ሲኒማ ነው ያማረሽ።"

ዘጋሁባት። የታላቅ እህት ምላስ ውቅያኖስ አያደክመውም። መልሳ ደወለች፣ አላነሳሁም። ሊዲያም ደወለች፣ አላነሳሁም። ፊቴን ታጠብኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ጥቁሩን የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ለበስኩ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ስልኮቼን፣ የድሮውንና ለዛሬ ብዬ የገዛሁትን፣ አስቀምጬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ሲኒማ አለችኝ። ይሁን፣ ሲኒማ ይሁን፣ ትኬቱን ከፍያለሁ።

ሰባት ሰዓት። አዲሱ ጮኸ። ዳኛዋ ደከም ያለ ለስላሳ ድምፅ አላት፣ ልጆች እንዳሳደገች ሴት። አስተርጓሚዋ ብራዚላዊት ናት፣ እንደ ዘፈን ነው የምትናገረው፣ "እኔ የተባለውን ብቻ ነው የምለው፣ አልጨምርም አልቀንስም፣ ወይዘሮ ኤርሚኒያ" አለችኝ። ከአዳራሹ የወንበር መጎተትና የሰው ሳል ይሰማል፤ ብሬንዳን "ሁላችንም እዚህ ነን" አለ። ጠበቃው ስሙን ተናገረ፣ ወዲያው ረሳሁት። ከዚያ የማውቃት ሳል። እሱ ነው። "ቀኝ እጅዎን ያንሱ፣ እውነቱን ለመናገር ይምላሉ?" አስተርጓሚዋ ደገመችለት። እጁን ሲያነሳ ታየኝ፣ ሁለት ጣቷን ቢላ የቆረጣት ያቺ እጅ። "እምላለሁ" አለ። እኔ ሌላኛውን ስልኬን፣ መልእክቱ ያለበትን፣ አዘጋጅቼ አውራ ጣቴን አስጠግቻለሁ። ዳኛዋ የደወለችበትን ስልክ የገዛሁት ለዚህች ቀን ብቻ ነው፣ እሷ የምትደውልበት ሌላ፣ የእሱ ድምፅ ያለበት ሌላ እንዲሆን። እንዲህ ነው የተዘጋጀሁት።

ጠበቃው ጠየቀ። "ዐርብ ዕለት ፈረቃው ሲያልቅ ሠራተኞቹ ቢላቸውን ይዘው ወጥተዋል፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አለ ጀርቫዚዮ።

"ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በራሳቸው?"

በል፣ በል እለዋለሁ በልቤ፣ አንዲት ቃል፣ አዎ በል። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ።

"አይደለም" አለ። "ያስወሰድኳቸው እኔ ነኝ።"

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ጠበቃው "ይቅርታ፣ አጭር እረፍት እንጠይቃለን" አለ፤ ዳኛዋ "አይ፣ ምስክሩ ይጨርሱ" አለችው። ጨረሰ። ዐርብ ዕለት ቢሮ ውስጥ የቁልፍ ሠሪውን ወረቀትና የአውቶቡሱን ውል እንዳየ፣ ለአበልጁ ደውሎ ድምፁን ትቶ እንደነገራት፣ ሰኞ እንደሚዘጋ፣ ሁሉንም። ዳኛዋ "ታዲያ ይህ የፈረሙት ወረቀት ምንድን ነው?" አለችው። "ፈራሁ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ወጥቼ ማን ይቀጥረኛል ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስለ ልማዱ ነው፣ ልማዱ እውነት ነው፣ ውሸት አልጻፍኩም እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ ግን አስማላችሁኝ። ቤቴ ዘውድ አለ።" "የምን ዘውድ?" አለች ዳኛዋ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ሳቅም እንደ ልቅሶም የሆነ ድምፅ አወጣ።

እኔ ምን ተሰማኝ? ደስታ? አሸንፈናል እኮ፣ አርባ አንዳችንም፣ የዘጠኝ ሳምንቱ አበል ይመጣል፣ እሱም ነገ ሥራ የለውም። የጠየቅሁት ሁሉ ሆነ። እኔ ግን ተዘረፍኩ። ስልኩን ልወረውረው ነበር። ሰባት ሳምንት አብልቼ፣ በየሦስት ሳምንቱ ዘጠኝን ተጭኜ ያቆየሁትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ከእጄ ነጠቀኝ። ይህ ሰው ፈሪ ነበር፣ ፈሪነቱን አምኜ ነበር የተቀመጥኩት፤ ዛሬ ደግሞ ማን ደፋር ሁን አለው? ዘውዱን የሚያነሳበት የለም አሁን። ይልቅ ማታ ሰው ሁሉ ይሄድለታል።

በዚህ አላበቃም። "ድምፄ ስልኳ ላይ ይኖር ይሆናል፣ ደምስሳው እንደሆነም አልፈርድባትም" አለ። አንዴ ሳለና ቀጠለ። "በልጄ አስምያታለሁ። ልጄን እሷ ናት ክርስትና ያነሳቻት። ይህን ሁሉ ሳምንት ሰው ሲሰድባት ዝም ያለችው ቃሏን ለመጠበቅ ነው። ያለ ጥፋቷ ነው የተሰደበችው። አበልጄ፣ የምትሰሚኝ ከሆነ ይቅር በይኝ።"

ከአዳራሹ ማጉረምረም ሰማሁ። አንዲት ሴት "እይ እንግዲህ፣ ምስኪን ኤርሚኒያ" አለች፣ ሌላዋ "እኛ ደግሞ ምን ስንላት ነበር" አለች። ዳኛዋ ወደ እኔ መጣች። "ወይዘሮ ኤርሚኒያ፣ መልእክቱ አለዎት?" "አለኝ።" "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?" "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።" "ይህን ከማመልከቻዎ ጋር ቢያቀርቡት ኖሮ ማንም አበል ባልተከለከለ ነበር፣ ይህን ያውቃሉ?" "አውቃለሁ፣ ነግረውኛል።" "ታዲያ ያላቀረቡት አሁን ምስክሩ እንዳሉት፣ በልጃቸው ስም በገቡት ቃል ምክንያት ነው?"

አዎ ማለት ነው። አንዲት ቃል ናት። ጀርቫዚዮ ራሱ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። አዎ ብል ነገ አዳራሹ ስገባ ቆመው ይቀበሉኛል፣ ሾርባ ይቀዱልኛል፣ ሊዲያ ስትደውል አነሳለሁ፣ እህቴም አፏን ትዘጋለች። ኦዴት ግን አዳራሹ ውስጥ የለችም። በዚህ ሰዓት ቤቷ እንቅልፏን ተኝታ ይሆናል፣ ማታ አውቶቡሱ ይወስዳታል። እሷን ምስኪን የሚላት የለም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ ሰው እጅ ምጽዋት አልቀበልም። አርዶኝ ሲያበቃ ቅድስት ሊያደርገኝ? በእሱ ይቅርታ ውስጥ ቀሪ ዕድሜዬን ልኖር?

"አይደለም" አልኩ። "ቃሌን ለመጠበቅ አይደለም። እሱ ምሎ እስኪዋሽ ነው የጠበቅሁት። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲዋሽና፣ ያኔ ላጠፋው።"

አስተርጓሚዋ ገና አልተረጎመችውም። አዳራሹ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ማጉረምረሙ ቆመ፣ የወንበሩ መጎተት ቆመ፣ ሳሉም ቆመ። አንድ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ዳኛዋ "ምን አሉ?" እያለች ነው።

"ወይዘሮ" አለችኝ ብራዚላዊቷ፣ ዘፈኑ ከድምፅዋ ጠፍቷል፣ "እንዲሁ እንዳሉት ልበለው?"

"እንዳልኩት በይው" አልኳት።